ፖይንት ኦፍ ሮክስ ጣቢያ፦ ሦስት ሎኮሞቲቭ በአንድ ፎቶ ለሚፈልግ ሰው

ቅዳሜ ካሜራ አንግቤ ስወጣ «ደግሞ ዛሬ የት ነው?» የምትሉኝ ወዳጆቼ በዝታችኋል። መልሱ አንድ ነው። ፖይንት ኦፍ ሮክስ። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ካቶክቲን ተራራ ሥር የተሸጎጠች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ የባቡር ጣቢያ አላት። በሙቀቱም በበረዶውም ተመላልሼበታለሁና ስለ ቦታው አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ሁለት ሦስት ሎኮሞቲቭ (ባቡር የሚጎትተው ባለ ሞተሩ ክፍል) ተያይዘው ረጅም የጭነት ባቡር ሲጎትቱ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው፣ ከዲሲ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጣቢያ አላገኘሁም። የቀነስኩት አንድ ኮከብ የምቾት ነው፤ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ያደግኩት ድሬ ዳዋ ነው። ድሬ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ማታ ማታ የፉርጎ ኳኳታ እየሰማን ነው የተኛነው። ካሜራ ግን ማን ነበረው? ቢኖረንም ጣቢያ ውስጥ አውጥቶ ማንሳት የሚታሰብ አልነበረም። አሜሪካ መጥቼ አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ የቀይ መስመር ሜትሮ ስጠብቅ፣ ከሜትሮው አጠገብ ባለው ሀዲድ ላይ የጭነት ባቡር መጣ። ከፊቱ ሦስት ትልልቅ ሎኮሞቲቮች ነበሩ፣ ፕላትፎርሙ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ፉርጎው አልልቅ አለ። ቆሜ ስቆጥር ሜትሮው ጥሎኝ ሄደ። ያ መስመር ወዴት እንደሚሄድ ስከታተል ነው ፖይንት ኦፍ ሮክስ የደረስኩት። ያው አንድ መስመር ነው፤ ድሮ ሜትሮፖሊታን ብራንች ይባል ነበር፣ በ1873 የተከፈተ።

ሕንፃው ለብቻው መንገድ ያስወጣል። ቀይ ጡብ ነው፣ ጣሪያው ሹል፣ ከፊቱ ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ቀጥ ብሎ የወጣ ማማ አለው። የነደፈው ኤፍሬም ፍራንሲስ ባልድዊን የሚባል አርክቴክት ነው፤ ለባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ ባቡር ድርጅት ብዙ ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። ዋናው ነገር ግን ሕንፃው የቆመበት ቦታ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣው መስመር በአንድ ጎኑ ያልፋል። ከባልቲሞር የሚመጣው አሮጌው ዋና መስመር በሌላ ጎኑ ያልፋል። ሁለቱ ከማማው ፊት ለፊት ይገናኙና አብረው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ብራንስዊክና ወደ ሃርፐርስ ፌሪ ይሄዳሉ። ስለዚህ ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ይታጠፋል። ለእኛ ወርቁ ይህ መታጠፍ ነው።

ለምን? ሦስት ሎኮሞቲቭ ቀጥ ባለ ሀዲድ ላይ ከፊት ለፊት ብታነሱ የምታገኙት አንድ ነው። መሪው ሌሎቹን ይሸፍናቸዋል። ሰው ቤት ሄዶ ፎቶውን ሲከፍት «ሦስት ነበሩ እኮ!» ብሎ የሚያዝነው ለዚህ ነው። መታጠፊያ ላይ ግን መሪው አፍንጫውን ወደ እናንተ ሲያዞር ሁለተኛውና ሦስተኛው ከትከሻው ወጣ ወጣ ይላሉ። ያኔ ረጅም ሌንስ ካላችሁ ሦስቱ ተጠጋግተው እንደ ተደራረበ ሳጥን ይመጣሉ፣ የጭስ ማውጫቸው ሙቀት ከላይ አየሩን ሲያርገበግበው ሁሉ ይታያል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ 70-200 ሌንስ ነው የምይዘው። የሹተሩን ፍጥነት ከ1/800 ሰከንድ አላወርድም። ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 አጠባለሁ፤ ምክንያቱም በኤፍ 2.8 ካነሳችሁ የመሪው ቁጥር ጥርት ብሎ ሦስተኛው ይደበዝዛል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። የሎኮሞቲቩ የፊት መብራት በጣም ኃይለኛ ነው፣ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ሲመርጥ ተታሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። የመስመሩ ባለቤት የሆነው የጭነት ባቡር ድርጅት፣ የሲኤስኤክስ፣ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ይብሱኑ ይጠፋል። ባቡሩ ሳይመጣ ብርሃኑን በሀዲዱ ጠጠር ላይ ለክታችሁ በእጅ አስተካክሉት፣ ከዚያ አትንኩት።

ሰዓት መምረጥም አለ። ምርጡ ቦታ ከመገናኛው በስተ ምዕራብ፣ ሕዝብ በሚቆምበት ፕላትፎርም ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ማየት ነው። ማማው መሃል ላይ፣ ሀዲዱ ግራና ቀኝ። ጠዋት ግን ፀሐይ ፊታችሁ ላይ ናት፣ ሁሉም ጥቁር ጥላ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስትሆን ጡቡ ቀይ ሆኖ ይነዳል፣ ከዋሽንግተን ወይም ከባልቲሞር ወደ ምዕራብ የሚመጣው ባቡርም ፊቱን ሙሉ ብርሃን ይመታዋል። ጥቅምት ላይ ተራራው ቅጠሉ ሲቀላ ከሄዳችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አቦ፣ እዚያ ቆሞ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም።

ቦታው ለምን እንዲህ እንደጠበበ የሚጠይቀኝም አለ። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ወንዝ፤ መሃል ላይ የቀረችው መሬት ጠባብ ናት። ለዚያች መሬት ድሮ ትልቅ ሙግት ነበር። የባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ ባቡርና የቼሳፒክና ኦሃዮ የጀልባ ቦይ ግንባታቸውን የጀመሩት በአንድ ቀን ነው፣ ጁላይ 4 ቀን 1828። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ሲሽቀዳደሙ እዚህ ተፋጠጡ። ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በ1832 ቦዩ ረታ፣ ኋላ ግን ተስማምተው ጎን ለጎን አለፉ። በስተ ምዕራብ ያለችው የሜሪላንድ ከተማ ኩምበርላንድ ቀድሞ የገባው ግን ባቡሩ ነው፤ እሱ በ1842፣ ቦዩ በ1850። ዛሬ ቦዩ ውስጥ ጀልባ የለም፣ ዳሩ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ባቡሩ አሁንም ጭነት ይጎትታል።

ስለ ራሱ ስለ ባቡሩ ልናገር። የሚያልፈው ብዙ ዓይነት ነው። ኮንቴነር በሁለት ፎቅ የደረበ አለ፣ አዲስ መኪና የጫነ የተዘጋ ረጅም ፉርጎ አለ፣ የተደባለቀ ጭነት አለ። የድንጋይ ከሰል ባቡር ደግሞ በአሮጌው ዋና መስመር በኩል ባልቲሞር፣ ከርቲስ ቤይ ወደሚባለው ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ውጭ አገር ይጫናል። በማርች 2024 ባልቲሞር ላይ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ መርከብ ገጭቶት ወድቆ የወደቡ መግቢያ ሲዘጋ፣ ለእኛ ለቆሞ ጠባቂዎቹ እንኳን ነገሩ ተሰምቶናል።

«ሦስት ሞተር ለምን ያስፈልጋል?» ለምትሉ፤ አንዱ ምክንያት ዳገት ነው። ወደ ምዕራብ ከኩምበርላንድ አልፎ ሳንድ ፓች የሚባል ከባድ አቀበት አለ። እዚህ የምታዩዋቸው ብዙዎቹ ትልልቅ የሲኤስኤክስ ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸው 4,400 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ሦስት ሲሆኑ 13,200 ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም እየሠሩ አይደለም። ሌላ ቦታ ሞተር ስለተፈለገ ብቻ ጠፍተው እንደ ፉርጎ የሚጎተቱ አሉ። ከጭስ ማውጫው ትለዩታላችሁ።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ጋሼን ላንሳ። ጋሼ ድሬ ዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፤ አሁን ከልጃቸው ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ባቡር ላሳይዎት?» ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ባቡር አይቼ አላውቅም ብለህ ነው?» አሉኝ። መጡ ግን። ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቼላቸው፣ ቡና በፔርሙዝ ይዘን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። ምንም የለም። ወፍና ከድልድዩ በኩል የሚመጣ የመኪና ድምፅ ብቻ። ከዚያ ራቅ ብሎ ጥሩምባ ተሰማ፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። ጋሼ ስኒያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ።

ሦስት ሎኮሞቲቭ ነበር። እኔ ሳነሳ ጋሼ ያዩት የነበረው ሌላ ነገር ነው። ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ነበርና በሁለቱ ሎኮሞቲቮች መሃል የተንጠለጠለውን ገመድ በጣታቸው አሳዩኝ። «ሁለተኛው ላይ ነጂ የለም?» የለም አልኳቸው። ያ ገመድ በውስጡ 27 ሽቦ አለው፤ የመሪው ነጂ ጉልበት ሲጨምር ሲቀንስ ትእዛዙ በእሱ በኩል ለሌሎቹ ይደርሳል፣ ፍሬኑ ደግሞ በአየር ቱቦዎቹ። አንድ ሰው ሦስቱን እንደ አንድ ይነዳቸዋል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ጠጠሩ ላይ የቀረውን የዘይትና የጋለ ብረት ሽታ ወደ ውስጥ ሲስቡ አየኋቸው። ያንን ፎቶ አላነሳሁም፣ ግን አልረሳውም።

ገመድ የሌለበትም አለ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ወይም ሁለት ሎኮሞቲቭ ያለው ባቡር ስታዩ የኋላው የሚታዘዘው በሬዲዮ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ይህን ስለማላውቅ ፊቱ ካለፈ በኋላ ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ አስገባ ነበር። አንድ ቀን ዚፑን ስዘጋ የሞተር ድምፅ እንደገና መጣ። ከኋላ የሚገፋ ሎኮሞቲቭ ነበር፣ ያውም በተራራው ጥላና በምሽቱ ብርሃን ድንበር ላይ። አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻዋን ፉርጎ በዓይኔ ሳላይ ቦርሳ አልነካም። እናንተም አትንኩ።

አሁን ወደምኮራባት ፎቶ። ሲኤስኤክስ ከ2023 ጀምሮ አንዳንድ ሎኮሞቲቮቹን በድሮ ድርጅቶች ቀለም እየቀባ ያወጣል። የሚቀቡት ጆርጂያ ውስጥ ዌይክሮስ በሚባለው ጋራዥ ነው። የመጀመሪያው ቁጥሩ 1827 ነው፣ የባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ ቀለም የለበሰ። 1827 ድርጅቱ የተቋቋመበት ዓመት ነው። ይህ ሎኮሞቲቭ አንድ ከሰዓት በዚህ ጣቢያ፣ ድሮ የራሱ ድርጅት ባሠራው ማማ ሥር አለፈ። እኔም ነበርኩ። ግን ሁለተኛ ሆኖ ነው የመጣው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እነዚህ ሎኮሞቲቮች ከፊት እስከ ጋቢናው የሲኤስኤክስ ቀለም ናቸው፤ የድሮው ቀለም ያለው ከጋቢናው ወደ ኋላ ነው። ሁለተኛ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ከፊት ለፊት ምንም አይታይም። ስለዚህ ረጅሙን ሌንስ ትቼ ከአንገቴ የተንጠለጠለውን ሁለተኛውን ካሜራ፣ ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንሱን፣ አነሳሁ፤ መሪው ካለፈኝ በኋላ ጠብቄ፣ ጎኑን ከማማው ጋር አንድ ላይ። አንድ ፍሬም ብቻ ነው የተሳካው። ታትሞ ሳሎን ተሰቅሏል። ብዙ ሎኮሞቲቭ ላለው ባቡር ሁለት ሌንስ የምለው ለዚህ ነው። ረጅሙ ለሩቁ፣ አጭሩ አጠገብ ሲደርስ።

ስለ ሌንስ ካነሳሁ አይቀር አንድ ምሬት አለብኝ። አንዴ 100-400 ሌንስ ከአንድ አከራይ ቤት ለቅዳሜና እሑድ ወስጄ ነበር። ቤት ስሞክረው ደህና ነበር። ጣቢያው ስደርስ ከ300 በላይ ትኩረቱን መያዝ አቃተው፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሁለት ባቡር በዚያ ሄደ። ሰኞ ስመልስ «የእርስዎ ካሜራ ይሆናል» ተባልኩ፤ ገንዘቤንም አልመለሱም። ስትከራዩ እዚያው ደጅ ላይ ወጥታችሁ የሚንቀሳቀስ መኪና አንሱበት። በቆመ ነገር መሞከር አይበቃም።

አሁን የቀነስኩት ኮከብ። «ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ የሕዝብ ባቡር እዚያ ይቆም የለ፣ ለምን በሱ አትሄድም?» ትሉኛላችሁ። ይቆማል። ግን እዚህ የሚያልፈው የማርክ የብራንስዊክ መስመር የተሠራው ለሥራ ተመላላሽ ነው። ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ከሰዓትና ማታ ከዋሽንግተን ወደ ውጭ። ቅዳሜና እሑድ የለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ከሰዓት ብትሳፈሩ ትደርሳላችሁ፣ የምትመለሱበት ግን የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ስለዚህ በመኪና ነው። በ270 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ ትራፊክ ከሌለ አንድ ሰዓት አይሞላም። ቅዳሜ ፓርኪንጉ ጭር ያለ ነው፤ እኔ በሄድኩባቸው ጊዜያት ክፍያ የጠየቀኝ የለም። ያ የሚያምረው ሕንፃ ግን ለሕዝብ ክፍት አይደለም፣ የሲኤስኤክስ ሠራተኞች ነው የሚጠቀሙበት። ውስጡ ገብቼ ልሙቅ፣ እጄን ልታጠብ የለም። ጥር ላይ ከወንዙ የሚነሳው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ውኃ፣ ምግብና ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጸዳጃውን መንገድ ላይ ጨርሱ።

የጭነት ባቡር የሰዓት ሰሌዳ የለውም። ይህን አውቃችሁ ሂዱ። በአንድ ሰዓት ሦስት ያየሁበት ቀን አለ፣ አራት ሰዓት ሙሉ አንድም ያላየሁበት ቀን አለ። ስካነር ሬዲዮ ካላችሁ ይረዳል፤ የባቡር ሠራተኞቹ በ160 እና 161 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚነጋገሩት፣ ሀዲድ ዳር ያለው መርማሪ ማሽንም ባቡር ሲያልፍበት በድምፅ ይናገራል። የአክስሉን (ጎማዎቹን የሚያያይዘውን ዘንግ) ብዛት ሲጠራ ባቡሩ ምን ያህል እንደሚረዝም መገመት ትችላላችሁ። አንድ ትልቅ ሎኮሞቲቭ 6 አክስል አለው፣ ተራ ፉርጎ 4።

ከልጆች ጋር ለምትሄዱ አንድ ነገር በጥብቅ። ቢጫውን መስመር አትለፉ። ከፕላትፎርሙ ወርዳችሁ ሀዲዱ ላይ ወይም ጠጠሩ ላይ መቆም ክልክል ነው፣ የግል ንብረት ነው፣ ፖሊስ ይቀጣል። ከቅጣቱም በላይ ሁለት መስመር ስላለ አንዱን ስታነሱ ሌላው ከጀርባ ይመጣል፤ የረጅም ባቡር ጩኸት ውስጥ ደግሞ ሌላውን አትሰሙትም። የእህቴን ልጅ ይዤ ስሄድ ባቡር እስኪያልፍ ድረስ እጁን አልለቅም፣ ያን ጊዜ ፎቶ ይቅር። ፍላሽም አታብሩ፤ የነጂውን ዓይን ይወጋል።

ብራንስዊክስ? ቀጣዩ ጣቢያ ነው፣ በመኪና አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ። ትልቅ የባቡር ግቢ ስለነበረ ሀዲዱ ብዙ ነው፣ የቆመ ነገር አይጠፋም፣ ከተማዋም የባቡር ሠራተኛ ከተማ መሆኗ ያስታውቃል። ሙዚየሙ ውስጥ ከብራንስዊክ እስከ ዋሽንግተን ያለውን መስመር በትንንሽ ሞዴል ባቡር የሠሩበት ክፍል አለ፤ ልጅ ካላችሁ ከዚያ አታወጡትም። ለፎቶ ግን የቆሙት የማርክ ባቡሮች ከፊት ይከልላሉ። እኔ ምሳ ብራንስዊክ በልቼ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲዞር ወደ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ነው የምመለሰው።

ጋሼ የዚያን ቀኑን ፎቶ አትሜ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሦስተኛው ለምን ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ?» አሉኝ። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ስለሚሠራ ማዞር እንደማያስፈልጋቸው ነገርኳቸው። «እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»